«እጁን የሚያነሳው መቼ ነው?» የላፕቶፕ ቤዝ ፒያሳ ላይ

ነገሩ የሆነው ፒያሳ ነው። ከቸርችል ጎዳና አናት ብዙ በማይርቅ የአንድ ሆቴል ላውንጅ ውስጥ። የሆቴሉን ስም አልጠራም፤ ባለቤቱ ዛሬም ማኪያቶ ይጋብዘኛል። ስምምነታችን ቀላል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ጃዝ እንጫወታለን። ክፍያው የሁለት ሰው ብቻ ነው። እኔ ኪቦርድ፣ ጓደኛዬ ሳክስፎን። ድራሙና ቤዙ ከላፕቶፕ ይመጣል።

ዋን ማን ባንድ ለአዲስ አበባ ሰው ብርቅ አይደለም። ሠርግ ላይ አንድ ኪቦርድ ሙሉ ባንድ ሆኖ ሲያስጨፍር አይተን ነው ያደግነው። ከበሮው የማሽን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን ቅር ብሎት ከመጨፈር አይቀርም። እኔም ጃዙን በዚያው ሂሳብ ነበር ያሰብኩት።

የመጀመሪያው ሐሙስ አለቀ። ሰው አጨበጨበ። ጓደኛዬ ሳክሱን እየፈታታ ቀና ብሎ አየኝና «ወንድሜ፣ ከኋላዬ የስፌት መኪና ነው እንዴ ያስቀመጥክብኝ?» አለኝ።

ተናደድኩ። ቤት ገብቼ ቅጂውን ስሰማው ግን ልክ ነበር። ጠ፣ ጠ፣ ጠ፣ ጠ። እያንዳንዷ ስፌት እኩል፣ እያንዳንዷ ቀጥ ያለች። ድራሙ ያን ያህል አያስጠላም ነበር። ችግሩ ያለው ቤዙ ላይ ነው።

ዎኪንግ ቤዝ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ይሄ ነው። በአንድ ባር አራት ምት አለ፤ ቤዙ በእያንዳንዱ ምት አንድ ኖታ ይመታል። አራት፣ አራት፣ አራት፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው፤ የእግር ጉዞ ነው። ቤዚስቱ የሚጫወተው ተጽፎ የተሰጠውን አይደለም። ኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ኖታዎች ስብስብ፣ ያያል፣ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው የሚወስደውን መንገድ እዚያው ይቀይሳል። ሰዓቱን የሚጠብቀውም፣ ኮርዱ የት እንደደረሰ የሚናገረውም እሱ ነው። ስለዚህ ቤዝ ውሸት ሲሆን ሁሉም ነገር ውሸት ይሆናል፤ አድማጩ ግን የቱ እንደዋሸ ለይቶ አይነግርህም።

አጃቢ ሶፍትዌሮቹ በሁለት መንገድ ይሠራሉ። አንደኛው፣ አንተ ኮርዱን ትጽፋለህ፣ ስታይልና ፍጥነት ትመርጣለህ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ ኖታ ያወጣና ለሳምፕል ይሰጠዋል። ሳምፕል ማለት እውነተኛ ቤዝ ስቱዲዮ ውስጥ ኖታ በኖታ ተቀርጾ ሲቀመጥ ነው። ሁለተኛው መንገድ እውነተኛ ቤዚስት የተጫወታቸውን ሙሉ ሐረጎች ቆርጦ መገጣጠም ነው። ባንድ ኢን ኤ ቦክስ የሚባለው የካናዳ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 ሲወጣ በመጀመሪያው መንገድ ነበር፤ ሁለተኛውን የጨመረው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ጄሚ ኤበርሶልድ የሚባል አሜሪካዊ የጃዝ መምህር እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የልምምድ ሸክላ ያሳትም ነበር። ቤዙ በአንድ ጆሮ፣ ፒያኖው በሌላው ጆሮ ይቀረጻል። ቤዚስት ከሆንክ የቤዙን በኩል አጥፍተህ ራስህ ትገባበታለህ። እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላየሁም።

የእኛ ፕሮግራም የመጀመሪያው ዓይነት ነው። የመረጥኩት ኖታውን እንደልቤ መቀየር ስለምችል ነው። ለሁለት ወር ግን አንድም ኖታ አልቀየርኩም።

የመጀመሪያው ስህተቴ፦ ዕቃ መግዛት

እንደ ማንኛውም ሙዚቀኛ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዕቃውን ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የመጣው ሳምፕል ቀላል ነበር። ሁሉም ኖታ አልተቀረጸም። በየሦስት ግማሽ ቶኑ አንድ ተቀርጾ፣ መሃል ያሉት በኮምፒውተር ተስበው ወይም ተጨምቀው ነው የሚወጡት። ኤፍ የሚባለውን ኖታ የምትሰማው ከኢ ፍላት ተስቦ ነው። ኖታው ሲሳብ ንኪቱም አብሮ ይፈጥናል፣ የእንጨቱም ድምፅ ይቀየራል። የአንድ ሰው ፎቶ በቁመቱ ሲለጠጥ ማለት ነው፤ ሰውየው ያው ነው፣ ፊቱ ግን ያስቃል።

አንድ የተሻለ ገዛሁ። በሌሊት ጥቅል ሁለት ሌሊት አወረድኩት። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ኖታ ለብቻው ተቀርጿል። ለስላሳ ምት፣ መካከለኛ፣ ጠንካራ፣ በጣም ጠንካራ፣ አራት ደረጃ አለው። ለእያንዳንዱ ደረጃ ደግሞ ሦስት የተለያየ ቅጂ። ተመሳሳይ ኖታ ሲደጋገም ፕሮግራሙ ቅጂዎቹን እያፈራረቀ ያወጣል፤ አለበለዚያ እንደ መትረየስ ይሆናል። አንዱ ኖታ የተለያየ ክር ላይ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅም ተለይቶ ተቀምጧል። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ አላልኳትም ነበር። በኋላ የምመለስባት እሷ ላይ ነው።

በሄድፎን ስሰማው ፀጉሬ ቆመ። ጣት ክሩን ሲነካ ይሰማል፣ እንጨቱ ሲተነፍስ ይሰማል። ሐሙስ ይዤው ሄድኩ። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ጨርሶ ውሃውን ጠጣ። «የስፌት መኪናው ብራንድ ተቀይሯል። ስፌቱ ያው ነው» አለኝ።

ሁለተኛው ስህተቴ ከዚህ ይብሳል። ፕሮግራሙ ላይ ሰው ለማስመሰል ተብሎ የተሠራች አንዲት ቁልፍ አለች። ስትጫናት እያንዳንዱን ኖታ በዘፈቀደ ትንሽ ወደ ፊት ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ታንቀሳቅሳለች። እስከ 15 ሚሊሰከንድ ሰጠኋት። ውጤቱ? ስፌት መኪናው ጠጥቶ መጣ። ሰው ኖታውን በዘፈቀደ አያዛባም። ጥሩ ቤዚስት ከድራሙ ራይድ ሲምባል ትንሽ ቀደም ብሎ መምታት ከመረጠ ሌሊቱን ሙሉ ቀድሞ ነው የሚመታ። ወደ ኋላ የሚልበት ጊዜ ካለም ምክንያት አለው፤ እጁን ከሩቅ እያመጣ ነው፣ ወይም ሶሎ የሚጫወተውን እየጠበቀ ነው። ማሽኑ ዳይስ ይጥላል እንጂ ምክንያት የለውም።

ጋሼ መጡ

አራት ኪሎ አካባቢ የሚኖሩ አንድ የድሮ ደብል ቤዝ (ቆመው የሚመቱት ትልቁ የእንጨት ቤዝ) ተጫዋች አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ ቡና ይጠጣሉ። ቤዛቸው ሳሎናቸው ጥግ ላይ ቆሟል፣ አንገቱ ላይ ተሰንጥቋል፣ ጨርቅ ለብሷል። አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አይጫወቱልንም?» ብያቸው ነበር። ትከሻቸውን አሳዩኝ። «ድሮ እንኳን በሚኒባስ ይዤው ስሄድ ረዳቱ ለሱም ሂሳብ ይጠይቀኝ ነበር» አሉ።

መጫወቻ ቦታው ራሱ ሲመጣ ሲሄድ የኖረ ነገር ነው። አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ኅዳር 1966 ዓ.ም. ከነባንዱ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ጋሼ ያንን ሰሞን ሲያነሱ ድምፃቸው ይቀየራል። የጣይቱ ሆቴሉ የጃዝ ክበብ ጃዛምባ ደግሞ ጥር 2007 ዓ.ም. ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ደብል ቤዝ ቆሞ የሚታይበት መድረክ በጣት የሚቆጠር ነው። ላፕቶፑ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። የጋሼን ቦታ ቀማሁ ወይ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ፤ ባለቤቱ ለሦስተኛ ሰው እንደማይከፍል ግን ቁርጡን ነግሮኛል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላውንጁ ባዶ ሳለ መጡ። አንድ ባለ አሥራ ሁለት ባር ብሉዝ በኤፍ አስከፈትኩላቸው። ፍጥነቱ በደቂቃ 150 ምት ነው። ይሄ ማለት አንዱ ምት 400 ሚሊሰከንድ ነው፤ አንድ ዙር 48 የቤዝ ኖታ አለው፣ ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ያልቃል። መጀመሪያ ሁሉንም አብረን ተጫወትን። ቀጥሎ ሳክሱን አስቆሙት። እኔንም አስቆሙኝ። ድራሙንም አስጠፉ። ቤዙ ብቻውን ሲሄድ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር።

«ይሄ ልጅ እጁን የሚያነሳው መቼ ነው?» አሉ።

አልገባኝም። ግራ እጃቸውን አንስተው የቤዝ አንገት እንደያዙ አደረጉ። ቀኝ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ መታ። «ክሩ አንድ ነው አይደል? ሀ ብለህ መታህ። እዚያው ክር ላይ ለ ልትመታ ስትል ሀ ሞቷል። ጣትህ ገድሎታል። የዚህ ልጅ ሀ ግን ለ መጥቶም ይጮኻል። ስንት አንገት ያለው ቤዝ ነው የያዘው?»

ፋይሉን ከፈትኩት። እውነትም እያንዳንዱ ኖታ 400 ሚሊሰከንዱን ሙሉ ይዞታል። ከዚያ ላይ ሳምፕሉ ሲለቀቅ የሚቀር የሩብ ሰከንድ ጭራ አለው። ማለትም ያለፈው ኖታ በአዲሱ ኖታ ከግማሽ በላይ ላይ ተኝቶበታል። ለሁለት ወር ስለ ኖታው አጀማመር ስጨነቅ ነበር። ስለ ንኪቱ፣ ስለ ጣቱ፣ ስለ እንጨቱ። ችግሩ ያለው ኖታው የሚያልቅበት ጋ ነው። የትኛውም ሻጭ ደግሞ ኖታው እንዴት እንደሚያልቅ በማስታወቂያ አይነግርህም።

ክራር የሚመታ ሰው ይሄን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ቀኝ እጁ ክሮቹን በአንድ ላይ ሲመታ ግራ እጁ የማይፈለጉትን ያፍናል። ዜማው የሚሰማው ሌሎቹ ስለታፈኑ ነው።

ታዲያ ሁሉንም ኖታ አሳጥሬ ብገላገልስ? ሞከርኩት፤ ጋሼ ጆሯቸውን ያዙ። ምክንያቱም መደራረብ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። ክፍት ክር፣ ማለትም ጣት ያልተጫነውን፣ መትተህ ቀጥሎ ወደ ሌላ ክር ከሄድክ፣ የመጀመሪያው እስክታፍነው ድረስ ይጮኻል። ያ እውነተኛ ቤዝ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ደስም ይላል። ስለዚህ የቱ ኖታ እንደሚሞትና የቱ እንደሚቆይ የሚወስነው ክሩ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ ስለ ክር የሚያውቀው ነገር የለም። ለሱ ኖታ ቁጥር ነው።

አርባ ስምንት ኖታ፣ አንድ እርሳስ

ጋሼ ኖታውን አሳትመህ አምጣ አሉኝ። ከላውንጁ ቢሮ ፕሪንት አስደረግኩ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ እርሳስ ያዙ፣ ከእያንዳንዱ ኖታ ራስ ላይ ቁጥር መጻፍ ጀመሩ። አንድ ማለት ቀጭኗ የጂ ክር፣ አራት ማለት ወፍራሟ የኢ ክር ነው። ክፍት ክር ከሆነ ጎኑ ላይ ዜሮ ያደርጋሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ይሄዳል፣ ከንፈራቸው ያጉረመርማል። ሁለት ቡና ጠጡ። አስተናጋጇ የሎተሪ ቁጥር የሚያወጡ መስሏት ሳትጠራጠር አልቀረችም።

አንዳንዱ ጋ ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ ኖታውን ራሱን ይሰርዛሉ። «ይሄን ሰው አይጫወተውም»። ለምሳሌ አራተኛው ባር ላይ ፕሮግራሙ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ፍላት ብሎ አምስተኛው ባር ላይ ቢ ፍላት ያርፋል። በወረቀት ስታየው ስህተት የለበትም፤ ሁሉም የኮርዱ ኖታዎች ናቸው። ጋሼ ሰርዘው ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ኤ ብለው ቢ ፍላት ላይ አሳረፉት። አሁን እየረገጠ የሚወጣ ደረጃ ሆነ። ቢ ፍላት ከመምጣቱ በፊት ጆሮህ ቀድሞ ይደርስበታል። ሌላም ምስጢር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአራተኛው ክር ላይ ናቸው፤ ኤ ግን ክፍት ሦስተኛ ክር ነው። ክፍት ክር ሲመታ ግራ እጅ ነፃ ይሆናል። በዚያች ምት ውስጥ እጅ ወደ ታች ተመልሶ ቢ ፍላትን ይይዛል። ቤዚስቶች ቦታ የሚቀይሩት እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ እጅ ስለሌለው እጁን የሚያሳርፍበት ቦታም አያስፈልገውም።

ወረቀቱን ይዤ ቤት ገባሁ። ቤዙን በአራት ትራክ ከፈልኩት፤ ለእያንዳንዱ ክር አንድ ትራክ። እያንዳንዱ ትራክ በአንድ ጊዜ ከአንድ ድምፅ በላይ እንዳያወጣ አደረግኩት። በተመሳሳይ ክር ላይ አዲስ ኖታ ሲመጣ አሮጌው ወዲያው ይቆረጣል። ክሩ ሲቀየር ደግሞ ያለፈው ትንሽ ይቆያል። በአንድ ክር ላይ ከአንድ ሙሉ ቶን በላይ ዝላይ ካለ ትንሽ የመንሸራተት ድምፅ ጨመርኩ፤ ታችኛው አንገት ላይ የደብል ቤዝ ተጫዋች ጣቶች ቦታ ሳይለቁ የሚሸፍኑት ያን ያህል ነው። ያን ጊዜ ነው በየክሩ የተቀረጸው ሳምፕል ዋጋ ያወጣው። የከፈልኩበትን ነገር እስከዚያ ድረስ ጭራሽ አልተጠቀምኩበትም ነበር።

ቤዙ ብቻውን ሲሄድ ሰማሁት። የመጀመሪያዎቹ አራት ባሮች ላይ ፈገግ አልኩ።

ያም ሆኖ አንዳንድ ኖታ ላይ አሁንም ይሰናከላል። የሚገርመው፣ ኖታዎቹ በሙሉ ልክ በመስመራቸው ላይ ናቸው። አንድ ሌሊት ሳምፕሎቹን አንድ በአንድ አጉልቼ ሳያቸው ነገሩ ወጣ። ፋይሉ ከጀመረ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ድረስ ትንሽ ዝምታ አለ። አንዱ ላይ 10 ሚሊሰከንድ፣ ሌላው ላይ 30። ወፍራሞቹ ክሮች ደግሞ ከተነኩ በኋላ ድምፃቸው እስኪሞላ በተፈጥሯቸው ይዘገያሉ። ዝምታውን ቆርጬ ሁሉንም አስተካከልኩ። ከዚያ በኋላ ሙሉ የቤዙን ትራክ በጥቂት ሚሊሰከንድ ቀደም እንዲል ሳብኩት፤ በዘፈቀደ ሳይሆን አንድ ላይ። ሰው ለማስመሰል የተሠራችውን ቁልፍ አጠፋኋት። ወደፊትም አልከፍታትም።

የምቱ ጥንካሬም አለ። በሚዲ፣ ኮምፒውተሩ ኖታ በሚይዝበት ቋንቋ፣ ጥንካሬ እስከ 127 ይሄዳል። ፕሮግራሙ እላይ ታች ሲል ከአንዱ የሳምፕል ደረጃ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ቤዚስቱ በየመሃሉ የተቀየረ ይመስላል። አንድ ደረጃ ውስጥ እንዲቆይ አጠበብኩት፣ ሁለተኛውና አራተኛው ምት ላይ ብቻ ትንሽ ጫን አልኩ። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ክፍሉና የእኔ ግራ እጅ

ሐሙስ ላውንጁ ውስጥ ስናስነሳው ግማሹ ሥራ ጠፋ። ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ አንዱ ግድግዳ በሙሉ መስታወት ነው። ቤዙ እንደ ጉም ክፍሉን ሞላው። የኔ የመጀመሪያ ሐሳብ ቤዙን መጨመር ነበር። የጋሼ ሐሳብ መቀነስ ነበር።

የወፍራሙ ክር ዝቅተኛ ድምፅ 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። የላውንጁ ስፒከሮች ያንን በወጉ አያወጡትም። ጆሮ ግን ብልህ ነው። ከዚያ በላይ ያሉትን ብዜቶቹን 82ን፣ 123ን ከሰማ የጎደለውን ራሱ ይሞላል። ስለዚህ ከታች ያለውን ለማውጣት መታገል ስፒከሩን ማስጨነቅ ብቻ ነው። ከታች ቆረጥኩ፣ ክፍሉ የሚያገነውን አካባቢ ቀነስኩ፣ የጣቱን «ቶክ» የሚያሰማውን ላይኛውን ለቀቅኩት። ያንን «ቶክ» ቀደም ብዬ ጫጫታ ነው ብዬ በማጣሪያ አጽድቼው ነበር። ጋሼ ሲሰሙ «በገና ላይ እንዝራውን ብታወጣ ምን ይቀራል?» አሉኝ። እንዝራ በክሩና በበርኩማው መሃል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ ናት። በገናን የሚያንዘረዝረው እሷ ናት። እሷን አውጥተህ ንጹሕ ድምፅ ታገኛለህ፣ በገና ግን አታገኝም።

ትልቁ ጥፋት ግን የእኔ ነበር። የዋን ማን ባንድ ልማድ ይዞኝ ግራ እጄ ከታች ቤዝ እየመታ ኖሯል። ላፕቶፑ ቤዝ ይጫወታል፣ ከሥሩ እኔ እደግመዋለሁ። ሁለት ቤዝ፣ ሁለት ሰዓት፣ አንድ ጭቃ። ጓደኛዬ ነው የያዘኝ። «ግራ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት» አለኝ። ሁለት ዙር በአንድ እጅ ተጫወትኩ። ቤዙ ከጉሙ ውስጥ ወጣ።

ያልተፈታው ብዙ ነው። ጓደኛዬ ስሜቱ ሲመጣ ሌላ ዙር መጨመር ይፈልጋል፤ ላፕቶፑ አያውቅም። የእግር ፔዳል ገጥሜ ዙሩን እንዲደግም አደረግኩት፣ ግን ሶሎው ሲግል አብሮ መጋል አይችልም። ሰው ቢሆን አንድ ስምንት ባር ላይ ከላይኛው አንገት ይወርድ ነበር። አንድ ሐሙስ ደግሞ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ስፒከሮቹ ሞቱ፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪ ለብቻው እየተራመደ ነው። ጓደኛዬ በጨለማ ሳክሱን ቀጠለ። መብራቱ ሲመጣ ቤዙ ዘጠነኛው ባር ላይ፣ ጓደኛዬ አራተኛው ላይ። አንድ እንግዳ «እንዴት ያለ ሞደርን ነገር ነው» ብሎ ጉርሻ ሰጠን።

ትዝታ ላይ ደግሞ ነገሩ ከነጭራሹ አልሠራም። የሜጀር ትዝታ አምስት ድምፅ ነው፤ ከሲ ብትነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ፕሮግራሙ ግን ኮርድ ነው የሚያየው። በየመሃሉ ኤፍና ቢ እያስገባ ይራመዳል። ሜጀር ስኬል ላይ ልክ ነው፤ ትዝታ ላይ ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደሚያፏጭ ሰው ነው። ስታይል ብቀያይርም አልተገኘም። ለትዝታ የቤዙን ሐረግ ራሴ ጻፍኩ፣ የሚደጋገም፣ አጭር። መራመዱን ተውኩት። ቅኝቱ ራሱ መራመድ የፈለገም አይመስለኝም።

ጓደኛዬ አሁን ስለ ስፌት መኪና አያነሳም። አንድ ቀን ብቻ «ከኋላዬ የሆነ ሰው አለ። አላውቀውም ግን አለ» ብሎኛል። ከዚያ ብሉዝ በኋላ ሰባት ዘፈን በዚያው መንገድ ሠራን። አንዱን መጨረስ ሁለት ማታ ይፈጃል። ጋሼ ቁጥሩን ይጽፋሉ፣ እኔ ትራኩን እሠራለሁ። የላውንጁ ባለቤት ለሳቸው ቡናና ኬክ ነው የሚከፍለው፤ እኔ ከድርሻዬ እጨምራለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ጋሼ ማታም መጡ። ጥጉ ላይ ተቀመጡ፣ ማኪያቶ አዘዙ። ያንኑ የኤፍ ብሉዝ ጀመርን። ከኪቦርዱ ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ። ግራ እጃቸው የወንበሩ መደገፊያ ላይ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛው ዙር፣ ስምንተኛው ባር ላይ እጃቸው ቆመ። ፊታቸው ተኮሳተረ። በአራተኛውም ዙር እዚያው ቦታ ላይ ቆመ።

በዕረፍት ሰዓት ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ ስምንተኛው ባር ላይ ምን ነክቶት ነው? ክፍት ኤ አጠገቡ እያለ በአራተኛው ክር ተንሸራትቶ ይወጣል። ምን አስቸኮለው?»

ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሠላሳ አንደኛው ኖታ፣ ኤ፣ ራሱ ላይ በእርሳስ አራት ቁጥር ተጽፎበታል። የሳቸው አራት ነው፤ አናቱ ክፍት የሆነ።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጉት።

«ላጲስ አለህ?» አሉኝ።